በወርቁ ላይ የተቀረጸው ስም

ስለ ግብር ሊፈትኑት የመጡትን ሰዎች ጌታችን ዲናር እንዲያሳዩት አዝዞ፣ በላዩ ያለው መልክና ጽሕፈት የማን እንደ ሆነ መጠየቁን ከወንጌል እናውቃለን (ማቴ. 22፥15-22)። ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ጥንቱ የፍራንኮች መንግሥት፣ ማለትም ወደ ዛሬዪቱ ፈረንሳይና አካባቢዋ፣ መለስ ብለን እንመልከት። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ በ4ኛው መቶ ዓመት ሶሊዱስ የተባለውን የወርቅ ገንዘብ አቆመ፤ ክብደቱ 4.5 ግራም ያህል ነበር። ፍራንኮች አገሩን ከሮማውያን ከወረሱ በኋላም የወርቅ ገንዘባቸውን የሚቀርጹት በቍስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ስም ነበር፤ ነጋዴው የሚያምነው ያን ስም ነበርና። ይህን ልማድ አፍርሶ የራሱን ስም በወርቅ ላይ ያስቀረጸ የመጀመሪያው የፍራንኮች ንጉሥ፣ እስከ 547 ገደማ የነገሠው ቀዳማዊ ቴውዴቤርት ነው። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ፣ ከሮማው ንጉሠ ነገሥት በቀር ማንም ንጉሥ መልኩን በወርቅ ላይ ሊያኖር አይገባውም በማለት ነገሩን ነቅፏል። የአክሱም ነገሥታት ግን ከ3ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይህን ያደርጉ እንደ ነበር ልብ ይሏል።

የነገሥታት ስም ያለባቸው የፍራንኮች ወርቆች እጅግ ጥቂት ናቸው። በ7ኛው መቶ ዓመት በብዛት የተሠራው ትሬሚስ፣ ማለትም የሶሊዱስ ሢሶ፣ ባንድ ወገን የተሠራበትን ስፍራ፣ በሌላው ወገን የሠሪውን ስም ይይዝ ነበር። ስሙን ያኖረው ሰው ለወርቁ ጥራትና ክብደት እንደ ዋስ ይቈጠር ነበር። በ1939 በእንግሊዝ አገር ሳተን ሁ በተባለው ስፍራ ከመቃብር የወጡት 37 ትሬሚሶች እያንዳንዳቸው በተለያየ ስፍራ የተሠሩ ናቸው።

ከእነዚህ ሠሪዎች አንዱ በሊሞዥ አጠገብ የተወለደው አንጥረኛው ቅዱስ ኤሊጊዮስ ነው። ገድሉ እንደሚተርከው፣ ንጉሥ ክሎታር ለአንድ ዙፋን መሥሪያ በሰጠው ወርቅ ምንም ሳያጐድል ሁለት ዙፋን ሠርቶ አስረከበ። በንጉሥ ዳጎቤርት ዘመን በፓሪስና በማርሴይ ገንዘብ ላይ ስሙ ተቀረጸ። በእጁ የገባውን ወርቅ ግን ለምርኮኞች ቤዛ ያውለው ነበር። ለሽያጭ የቀረቡትን ባሮች ሃያም ሠላሳም፣ አንዳንድ ጊዜ እስከ መቶ፣ ገዝቶ ነጻ ያወጣቸው ነበር፤ ወደ አገራቸው መመለስን፣ ከእርሱ ጋር መኖርን ወይም ገዳም መግባትን ለራሳቸው ምርጫ ይተውላቸው ነበር። በ641 የኗዮን ጳጳስ ሆነ፤ በ660 ዐረፈ።

በዚያው መቶ ዓመት የትሬሚሱ ወርቅ በብር እየተበረዘ ገረጣ፤ በ670ዎቹ ገደማም የብር ገንዘብ ተተካ። ወርቁ ሲጐድል በላዩ የነበረው መስቀል ግን አልተነሣም ነበር። ይህ ለእኛ በተለይም ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ምልክቱን በውጭ ይዘን ውስጣችን ሊበረዝ ይችላልና።

ቅዱስ ኤሊጊዮስ የንጉሥ መልክ ያለበትን ወርቅ ሰጥቶ የእግዚአብሔር መልክ ያለበትን ሰው ዋጀ። የጌታችንን ጥያቄ ለልጆቻችን ስናስተምር፣ በእጃችን ያለው ገንዘብ የማንን ነጻነት እንደገዛ፣ ወይም ማንን እንዳስጨነቀ፣ አስቀድመን ራሳችንን እንጠይቅ።