ነጩ ድብ በካሜራ ዓይን

እንግሊዛዊው አማተር ፎቶግራፍ አንሺ ኒማ ሳሪካኒ ከኖርዌይ ምድር በስተሰሜን በሚገኙት የስቫልባርድ ደሴቶች ዙሪያ ሦስት ቀን በጥቅጥቅ ጭጋግ ውስጥ የዋልታ ድብ ሲፈልግ ሰነበተ። ተሳፍሮባት የነበረችው መርከብ በመጨረሻ አቅጣጫዋን ለውጣ፣ የባሕር በረዶ ገና ወዳልጠፋበት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስታመራ ሁለት ድቦች ታዩ። እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አንድ ወጣት ወንድ ድብ ከአነስተኛ ተንሳፋፊ የበረዶ ጉብታ ላይ ወጣ፤ በመዳፉ እየቧጠጠ መኝታውን ካመቻቸ በኋላም ተጋድሞ እንቅልፍ ወሰደው። በዚያ ኬክሮስ በበጋ ፀሐይ ስለማትጠልቅ የሌሊቱ ሰዓት ለካሜራው እንቅፋት አልሆነም። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በሚያዘጋጀው የዱር አራዊት ፎቶግራፍ ውድድር የሕዝብ ምርጫ ሽልማትን አገኘ፤ ድምፅ የሰጡት ሰዎች ቁጥርም 75 ሺህ ደርሶ ነበር።

ብዙ ተመልካች በዚህ ሥዕል ቤቱ እየቀለጠበት ያለ ብቸኛ እንስሳ አየ። ሥዕሉ ይህን በእርግጥ ይመሰክራልን? ለጥያቄው መልስ ለመስጠት አስቀድሞ እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ እንዴት እንደሚገኝ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፍለጋው

ስቫልባርድ ከ74 እስከ 81 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ የተዘረጋ የደሴቶች ስብስብ ሲሆን መርከቦቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ሎንግየርብየን ከተባለችው ከተማ ነው። ድቡን የሚፈልግ ሰው በመሠረቱ የሚፈልገው በረዶውን ነው። የዋልታ ድብ ዋና ምግቡ አቆስጣ ነውና (ቃሉን አብዛኞቻችን የምናውቀው በኦሪት ዘጸአት ከተጠቀሰው የድንኳን መሸፈኛ ቆዳ ነው)። አቆስጣ የባሕር አጥቢ እንስሳ እንደመሆኑ ለመተንፈስ በበረዶው ውስጥ ወደ ከፈተው ቀዳዳ መመለስ ግድ ይለዋል፤ ድቡም በቀዳዳው አፍ ላይ ድምፁን አጥፍቶ ይጠብቀዋል። በረዶ ከሌለ ይህ አደን የለም። ድቡ ባሕር ውስጥ ጥሩ ዋናተኛ ቢሆንም በክፍት ውኃ አቆስጣን አሳድዶ የመያዝ ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው።

ስለዚህ አስጎብኚዎቹ ከመርከቡ ሰገነት ላይ ሆነው የበረዶውን ጠርዝ በሩቅ መነጽር ለሰዓታት ይቃኛሉ። የሚፈልጉት ነጭ ነገር አይደለም፤ የድቡ ፀጉር ከበረዶው አጠገብ ሲታይ ወደ ቅቤ ቀለም ያደላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በሄሊኮፕተር በተካሄደ ቆጠራ መላው የባሬንትስ ባሕር አካባቢ፣ የሩሲያን ክፍል ጨምሮ፣ የነበሩት ድቦች ወደ 2,650 ይጠጋሉ ተብሎ ተገምቷል። ሦስት ቀን ፈልጎ ማጣት የሚያስገርም አይሆንም።

ብርሃንና ርቀት

ድቡ ከተገኘ በኋላ የመጀመሪያው ችግር ብርሃን ነው። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የተሠራው ከፊቱ ያለው ትዕይንት በአማካይ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን ያንጸባርቃል በሚል ስሌት ነው። ትኩስ በረዶ ግን ከ80 በመቶ በላይ ያንጸባርቃል። መለኪያው ይህን ከመጠን ያለፈ ብርሃን አድርጎ ስለሚቆጥረው ሥዕሉን ያጨልመዋል፤ በረዶውም አመድማ ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው መለኪያው ካዘዘው በላይ ሁለት ወይም አራት እጥፍ ብርሃን ማስገባት ነው፤ ከዚያ ከታለፈ ግን የድቡ ፀጉር ዝርዝር ይጠፋል።

ሁለተኛው ችግር ርቀት ነው። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በስቫልባርድ በጸናው ደንብ መሠረት ከማርች 1 እስከ ጁን 30 ማንም ሰው ከድብ ከ500 ሜትር፣ በቀሩት ወራት ደግሞ ከ300 ሜትር ባነሰ ርቀት መቅረብ አይፈቀድለትም። ደንቡ ያለ ምክንያት አልወጣም፤ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 በደሴቶቹ ሰሜናዊ ጫፍ ከመርከብ የወረደ ጠባቂ በድብ በመጠቃቱ ድቡ በጥይት ተገድሏል።

የ300 ሜትር ትርጉም በቀላል ስሌት ይታያል። የሥዕሉ ቁመት ከእንስሳው ቁመት ጋር ያለው ንጽጽር፣ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ከርቀቱ ጋር ካለው ንጽጽር ጋር እኩል ነው። 2.5 ሜትር የሚረዝም ድብ በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ300 ሜትር ላይ ቢነሣ፣ በካሜራው ብርሃን ተቀባይ ገጽ ላይ የሚያርፈው ምስል 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ይህ 36 ሚሊ ሜትር ከሆነው የገጹ ስፋት አንድ ሰባተኛው ያህል ነው። በ500 ሜትር ደግሞ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። እነሆ፣ በዛሬዎቹ መልካም ሥዕሎች ድቡ ትንሽ፣ በረዶው ሰፊ ሆኖ የሚታይበት አንዱ ምክንያት!

ለዓይን ነጭ፣ ለሌላ ብርሃን ጥቁር

የድቡ ፀጉር ነጭ ቀለም የለበትም፤ ብርሃን አሳላፊና ውስጡ ክፍት ሲሆን ከሥሩ ያለው ቆዳ ጥቁር ነው። ከዚህ በመነሣት ፀጉሩ አልትራቫዮሌት ጨረርን እንደ ቧንቧ ወደ ቆዳው ያደርሳል የሚል መላምት በብዙ መጻሕፍት ሲደጋገም ኖሯል። የፊዚክስ ሊቁ ዳንኤል ኩን እ.ኤ.አ. በ1998 ፀጉሩን በቤተ ሙከራ ለክቶ በርዝመቱ የሚያልፈው ጨረር ከምንም የማይቆጠር መሆኑን አሳየ። ያማረ መላምት ነበር፤ ልኬቱ ግን አልደገፈውም።

አልትራቫዮሌቱ ፀጉሩ ውስጥ ተውጦ ይቀራል፤ በረዶ ግን ያንጸባርቀዋል። ላቪን እና ኤሪትስላንድ እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳሳዩት፣ በዚህ ጨረር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ የዋልታ ድብ በነጭ በረዶ መካከል ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሙቀትን ለሚያነብ ካሜራ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ፀጉሩና ስቡ ሙቀቱን አፍነው ስለሚይዙት የአካሉ ገጽ ከበረዶው ብዙም አይለይም። አንዱ እንስሳ እንደ መሣሪያው ነጭ፣ ጥቁር ወይም የማይታይ ነው።

ሥዕሉ ምን ይመሰክራል?

ወደ ተኛው ድብ እንመለስ። በአማርኛ ሁሉንም «በረዶ» ብለን እንለፈው እንጂ ልዩነት አለው። የባሕር በረዶ ራሱ የባሕሩ ውኃ ረግቶ የሚፈጠር ሲሆን የድቡ ማደኛ ሜዳ ይህ ነው። ድቡ የተኛበት ተንሳፋፊ ጉብታ ግን በየብስ ላይ ከተከማቸ ግግር በረዶ ተገምሶ ባሕር ውስጥ የገባ ነው። ድብ በዚያ ላይ መተኛቱም ያልተለመደ አይደለም። የባሕሩ በረዶ መመናመኑን የሚነግሩን እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ያለማቋረጥ የሚለኩት ሳተላይቶች ናቸው። በዚያ ዘመን በየሴፕቴምበሩ ወደ 7 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር የነበረው ስፋት በ2012 እስከ 3.4 ሚሊዮን ወርዷል።

ስሕተቱ ከዚህ የከፋበት ጊዜም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በካናዳ አርክቲክ በረኃብ አጥንቱ የወጣ ድብ የሚያሳይ ፊልም ዓለምን አዳረሰ፤ ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር ተያይዞም ቀረበ። ድቡ ለምን እንደከሳ፣ በበሽታ ይሁን በጉዳት ወይም በእርጅና፣ የመረመረ ግን አልነበረም፤ ያሠራጨው መጽሔትም በማግሥቱ ዓመት አቀራረቡ ልክ ያለፈ መሆኑን አምኗል።

ልኬቶቹ ራሳቸው እንደ ቦታው ይለያያሉ። በካናዳ ምዕራባዊ ሃድሰን ባሕረ ሰላጤ እ.ኤ.አ. በ1987 ወደ 1,200 የነበሩት ድቦች በ2021 ወደ 618 አሽቆልቁለዋል። በስቫልባርድ ግን በረዶው በፍጥነት እየቀነሰ ሳለ፣ ከ1992 እስከ 2019 የተለኩት ድቦች የአካል ይዞታ ከ2000 በኋላ አልወደቀም፤ እንዲያውም ተሻሽሏል። ድቦቹ እዚያ የወፍ ዕንቁላልና አጋዘን ይበላሉ፤ ይህ እስከ መቼ እንደሚበቃቸው በአንድ ሥዕል አይታወቅም።

ፎቶግራፍ ለሳይንሱ የሚያገለግልበት መንገድ ግን አለ። በካናዳ ቸርችል አቅራቢያ የሠሩ ተመራማሪዎች በድቡ ጢም ሥር ያሉት ጥቁር ነጠብጣቦች አሰላለፍ ከድብ ድብ እንደሚለያይና በፎቶግራፍ አማካይነት እንደ ጣት አሻራ ሊያገለግል እንደሚችል አሳይተዋል። ይህ ደግሞ በተለይ ለወንዶቹ ይጠቅማል፤ አንገታቸው ከራሳቸው ስለሚወፍር የሳተላይት ማሠሪያ ቢደረግላቸው ሾልኮ ይወድቃልና። ነጠብጣቦቹን ለማንበብ ግን ቅርብ መሆን ያስፈልጋል። ከ300 ሜትር ላይ መላው ድብ 5 ሚሊ ሜትር በሆነበት ሥዕል ጢም አይነበብም። በስቫልባርድ ደንቡን አክብሮ የተመለሰ ተጓዥ ሥዕል የድቡን ማንነት አይነግረንም። ቀኑና ቦታው ከተመዘገበለት ግን ድቡ በየትኛው ዓይነት በረዶ ላይ እንደነበረ፣ ከ1 እስከ 5 በሚሰጠው የውፍረት ደረጃም በግምት የቱ ላይ እንደሚውል ሊነበብበት ይችላል።