እንጀራ ትቼ ግፊቴ ወረደ፤ ኪኒኑን ላቁም?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 53 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ለቡ፣ ሙዚቃ ቤት አካባቢ ነው። ለግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ መውሰድ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ከአንድ ወር በፊት እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝና ስኳር ትቼ ሥጋ፣ እንቁላልና ጎመን ብቻ መብላት ጀመርኩ። ኪሎዬ ቀነሰ። 150 በ95 የነበረው ግፊቴም ሰፈር ፋርማሲ ስለካ 108 በ68 ሆነ። ግን ከመቀመጫዬ ስነሳ ያዞረኛል፤ ሌሊት ደግሞ ባቴን ይይዘኛል። ቤተሰቦቼ «ድነሻል፣ ኪኒኑን ተዪው» ይሉኛል። ቲክቶክ ላይ ያየሁት ሰው ደግሞ ጨው በውኃ በጥብጬ እንድጠጣ ይመክራል። የትኛውን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱንም አይስሙ። ኪኒኑን በራስዎ አያቁሙ፣ ጨውም አይጠጡ፤ ዛሬ ወይም ነገ ግን የሚከታተልዎ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ራስዎን ከሳቱ፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ከያዘዎት፣ ወይም የላይኛው ቁጥር ከ100 በታች ከወረደ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዕለቱን ይታዩ።

ዱቄትና ስኳር ሲቀንስ በደም ውስጥ ያለው ኢንሱሊን ይወርዳል። ኢንሱሊን ኩላሊት ሶዲየም ይዞ እንዲያስቀር የሚያደርግ ሆርሞን ነው። እሱ ሲያንስ ኩላሊት ሶዲየሙን ይለቃል፤ ውኃም ተከትሎ በሽንት ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚቀንሰው ኪሎ ብዙው ይህ ውኃ ነው። የሃይድሮክሎሮታያዛይድም ሥራ ጨውና ውኃን በሽንት ማስወጣት ነው። ምግብዎን ሲቀይሩ፣ የመድኃኒቱ መጠን ባይጨምርም ጉልበቱ ጨመረ። ኢናላፕሪል በበኩሉ የደም ሥሮችን ያላላል፤ ውኃ ያነሰው ሰው ሲወስደው ግፊቱ ከሚፈለገው በታች ሊወርድ፣ ኩላሊቱም ሊጎዳ ይችላል።

ባትዎን የሚይዝዎት በፖታሲየም ወይም በሶዲየም ማነስ ሊሆን ስለሚችል፣ የሁለቱን መጠንና ክሬያቲኒን የሚባለውን የኩላሊት ምርመራ ይሠሩ። ሐኪምዎ የአንዱን መድኃኒት መጠን ሊቀንስ ወይም ሊያቆም ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከሚያሸናው ነው።

«ድነሻል» የሚለው ግን ያሳስበኛል። ግፊትዎ የወረደው በምግቡና በኪኒኑ አንድነት ነው። በዓል መጥቶ ወደ እንጀራውና ዳቦው ሲመለሱ ውኃው በቀናት ውስጥ ይመለሳል፤ ኪኒኑም ከሌለ ግፊቱ ሳይታወቅዎ ይወጣል። ኪሎ በመቀነስ የሚገኘው ጥቅም እውነተኛ ነው፤ አንድ ኪሎ ሲቀንስ የላይኛው ቁጥር በአማካይ በ1 ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ከ150 ወደ 108 ያወረደው የኪሎው መቀነስ ብቻ አይደለም።

እስከዚያውም ከዚያም በኋላ ቤትዎ ይለኩ። ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ይለፍ፤ ጀርባዎን ተደግፈው፣ ሳያወሩ 5 ደቂቃ ከተቀመጡ በኋላ ይለኩ፤ ከዚያ ተነሥተው ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይድገሙት። ሲቆሙ የላይኛው በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ቁጥሮቹን ጽፈው ይውሰዱ፤ ፋርማሲ አንድ ቀን ከተለካው ይልቅ ለሐኪሙ የሚጠቅመው የሳምንት መዝገብ ነው።

ጥያቄ፦ ጨው መጠጣቱ ቀርቶ፣ በምግብ የማገኘውስ?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል መሆኑ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በአገራችን ከ15 እስከ 69 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት አማካዩ 8.3 ግራም ያህል ነበር። ከመቶ 16 ያህሉም ከፍተኛ የደም ግፊት ነበረባቸው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። ወጥ ጨው የሚደረግበት በእንጀራ እንዲበላ ታስቦ ነው። እንጀራውን ትተው ለጥጋብ ሁለት ሦስት ጭልፋ ወጥ ብቻውን ከበሉ ከቀድሞው የበለጠ ጨው ገባ ማለት ነው። በርበሬና ሚጥሚጣም ሲዘጋጁ ጨው ይጨመርባቸዋል። የእርስዎን ድርሻ ጨው ሳይገባ ቀድመው ያስወጡ፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በሎሚ፣ በኮረሪማ፣ በጥቁር አዝሙድ ያጣፍጡት። «ሶዲየም የቀነሰ» ተብሎ የሚሸጠው ጨው ብዙ ጊዜ ፖታሲየም ስላለበት፣ ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጠቀምበት።

ጥያቄ፦ ሥጋውስ? ጎረቤቴም ጀምራለች፤ እሷ የስኳር ሕመም አለባት።

መልስ፦ ቀይ ሥጋና ቅቤ በየቀኑ አይሁን። ክትፎ እንጀራን የሚተካ የዘወትር ምግብ ከሆነ ኮሌስትሮልዎ ሊወጣ ይችላል፤ ለግፊት ታማሚ ደግሞ ልብ ላይ ሌላ ሸክም ነው። ዓሣ፣ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ጎመን፣ ቆስጣ፣ አቮካዶና ጨው የሌለው ለውዝ ይሻላሉ።

ጎረቤትዎ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስድ ከሆነ አደጋው ከእርስዎ ይበልጣል፦ እንጀራውን ቀንሳ መድኃኒቱን በነበረው መጠን ከወሰደች ስኳሯ በድንገት ወርዶ ራሷን ልትስት ትችላለች። ዛሬውኑ ሐኪሟን ታነጋግር።

ጥያቄ፦ ጾም ሲገባ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እዚህ ላይ በጣም እንዲጠነቀቁ እለምንዎታለሁ። እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ፣ ጠዋት የሚያሸና ኪኒን ውጠው፣ ዱቄትም ትተው ከዋሉ ውኃ የሚያሳጡ ሦስት ነገሮች በአንድ ቀን ተደራረቡ። ሥጋና እንቁላል ሲቀር ምስርና ሽሮንም ከተዉ፣ የሚተርፈው ጎመንና ዘይት ነው፤ ሁዳዴ 55 ቀን መሆኑን ያስቡ። ለጾም ወራት ጥብቁን ትተው ለስለስ ያለውን ይያዙ፦ ትንሽ እንጀራ፣ ደህና አድርጎ ምስር ወይም ሽሮ፣ ብዙ ጎመን። ጥራጥሬ ፖታሲየምና አሰር ስላለው ለግፊትም ይስማማል። ኪኒን አይዝለሉ፤ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪምዎን ከጾሙ በፊት ይጠይቁ። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ የምታደርገው አስተያየት ስላለ፣ በጾሙ ሰዓት መድኃኒትና ውኃ መውሰድ እንዳለብዎ ለንስሐ አባትዎ ቀድመው ይንገሩ።