ናቡቴን የወገረው ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዐቢይ ጾም ሰባተኛ ሳምንት ትምህርት (ኒቆዲሞስ)
የሚነበብ፦ 1ኛ ነገ. 21፥1-24፤ ዮሐ. 7፥45-53፤ ዮሐ. 19፥38-42

የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት! የዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ በኒቆዲሞስ ስም እንደሚጠራ ሁላችን እናውቃለን። በዚህ ሰንበት ብዙ ጊዜ የምንማረው ስለ ዳግም ልደት ነው። ኒቆዲሞስ ግን ሌላም የሚያስተምረን ነገር አለ። እርሱ የአይሁድ አለቃ ነበረ። ሸንጎው ጌታችንን ለመያዝ ሲመክር እዚያው ከመካከላቸው ተቀምጦ ነበር።

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። ከአሰበ ተፈሪ (ጭሮ) እስከ ገለምሶ፣ ከሚኤሶ እስከ ሂርና ያለው አዛውንት ይህን ተረት እየሰማ አድጎ የንጉሡን፣ የደርግንና የኢሕአዴግን ዘመን በአንድ ዕድሜው አይቷል። ለመሆኑ መንግሥት ሲበድል ተራው ሰው ምን ማድረግ ይችላል? ገበሬው፣ የጉልት ነጋዴዋ፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛው ምን አቅም አላቸው? ዝም ብሎ መሸከም ብቻ ነው ወይስ ድንጋይ ማንሣት? ቅዱስ መጽሐፍ ምን እንደሚያስተምረን እንመልከት።

1. ኤልዛቤል ብቻዋን አልቻለችም

ናቡቴ ከአባቶቹ የወረሰው የወይን ቦታ ነበረው። ቦታው ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ስለነበረ ንጉሡ አክዓብ ተመኘው። ሌላ ቦታ ልለውጥህ ወይም ገንዘብ ልክፈልህ አለው። ናቡቴ ግን የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። አልተሳደበም፣ ሰይፍም አልመዘዘም። እምቢ አለ፣ በቃ። ንጉሡም ተቆጥቶ አልጋው ላይ ተጋደመ፤ እህል አልቀምስም አለ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። ኤልዛቤል በባሏ ስም ደብዳቤ ጽፋ በማኅተሙ አተመች። ደብዳቤው የተላከው ለጦር አለቃ አይደለም፤ ናቡቴ በሚኖርባት ከተማ ላሉ ሽማግሌዎችና ታላላቅ ሰዎች ነው። ጾም እንዲያውጁ፣ ናቡቴን በሕዝቡ ፊት እንዲያስቀምጡት፣ ሁለት ክፉ ሰዎችም እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰድቧል ብለው እንዲመሰክሩበት አዘዘች። ሽማግሌዎቹም እንደተጻፈላቸው አደረጉ። ናቡቴ ከከተማ ውጪ ተወግሮ ሞተ።

እስቲ እንቁጠር፦ ደብዳቤውን ያደረሰ አለ፤ ጉባኤውን የጠራ አለ፤ በሐሰት የመሰከረ አለ፤ ድንጋይ የወረወረ አለ። ንግሥቲቱ ግን በእጇ አንዲት ጠጠር አልነካችም። ግፍ ከላይ ይታዘዛል፤ የሚፈጸመው ግን በጎረቤት እጅ ነው። ሕጉ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ሰው በሞት እንዳይቀጣ ይከለክላል (ዘዳ. 17፥6)። ከሁለቱ ምስክሮች አንዱ አልመሰክርም ቢል ኖሮ፣ ከሽማግሌዎቹም አንዱ «ይህን ሰው እናውቀዋለን» ቢል ኖሮ፣ ያ ደብዳቤ በቀላሉ ናቡቴን ባልገደለም ነበር። የዛሬው ትምህርታችን ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ተራው ሰው ግፈኛውን ማውረድ ባይችል እንኳ እጁን አለማዋስ ይችላል።

2. ርስቱን ያልረሳ ገበሬ

የናቡቴ ታሪክ ለሐረርጌ ሰው እንግዳ አይደለም። ደርግ በ1977 ዓ.ም. በሐረርጌ ክፍለ ሀገር የመንደር ምሥረታ ዘመቻ ጀመረ። በየተራራው ጥግ፣ በማሽላው፣ በቡናውና በጫቱ አጠገብ ተበታትኖ ይኖር የነበረው ገበሬ ቤቱን በገዛ እጁ እንዲያፈርስ ታዘዘ። እንጨቱንና ሣሩን ተሸክሞ በተለካ መሬት ላይ በመስመር እንዲሠራ ተደረገ። እስከ 1978 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ በሐረርጌ ብቻ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እንዲህ ተሰብስቧል።

ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ውኃ ይመጣላችኋል ተብሎ ነበር። ለብዙው ሰው ግን የመጣለት የእርሻው መራቅ ነው። ሰብሉን ከወፍና ከዝንጀሮ የሚጠብቅበት፣ ከብቱን የሚያይበት ቦታ ራቀው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ሶማሊያ ገቡ። ቀንበሩ ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ብሎ አልለየም።

የቀረውስ ምን አደረገ? ታገሠ። ትዕግሥቱ ግን እሺታ አልነበረም። በማኅበር እርሻ ላይ በግማሽ ልቡ ሠራ፤ የአባቱን ማሳ ወሰን ግን በልቡ ያዘ። የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲያውጁ፣ በብዙ የሀገራችን ክፍል ገበሬው ሌላ ትእዛዝ አልጠበቀም። የአምራቾች ማኅበራት ፈረሱ፤ ሰውም ቤቱን እየነቀለ ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመለሰ። መንግሥት በዓመታት የሠራው በጥቂት ወራት ተበተነ። ለምን? ሕዝቡ ትከሻውን እንጂ ልቡን አልሰጠም ነበርና ነው።

3. በሸንጎ መካከል አንዲት ጥያቄ

ወደ ኒቆዲሞስ እንመለስ። የካህናት አለቆችና ፈሪሳውያን ጌታን ይዘው እንዲያመጡ ሎሌዎች ልከው ነበር። ሎሌዎቹ ትምህርቱን ሰምተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ትንሽ የሚባሉት ሰዎች ናቸው እንግዲህ መጀመሪያ እጃቸውን የሰበሰቡት! ቀጥሎ ኒቆዲሞስ ተናገረ። ረጅም ንግግር አላደረገም። ሕጋችን ሰውን አስቀድሞ ሳይሰማው፣ ያደረገውንም ሳያውቅ ይፈርዳልን ብሎ ብቻ ጠየቀ። መልሳቸው ስድብ ነበር፤ እርሱንም ከገሊላ ወገን ቆጠሩት። በዚያን ቀን ግን ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ፤ ጌታም አልተያዘም።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ በየቀበሌው ስብሰባ ይጠራ ነበር። የሰው ስም ይነሣል፤ «ፀረ አብዮት ነው» ይባላል። ምን አደረገ? ማን አየው? ብሎ የጠየቀ ሰው ራሱ ፀረ አብዮት ይባላል። ያን ዘመን ያየ ሰው ኒቆዲሞስ ምን ያህል እንደደፈረ ያውቃል። የጠየቀ ሁሉ አልዳነም፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ዝም ያለም ሁሉ ግን አልተረፈም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ፍርድ ቤት ቀረቡ። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱና ባልደረቦቻቸው በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ። ከተከሰሱት መካከል ግን ትልልቆቹ ብቻ አልነበሩም፤ በየአካባቢው ያሰሩና የገደሉ ሰዎችም ነበሩ። «ታዝዤ ነው» ማለት ብዙዎቹን ከፍርድ አላስጣለም። በምድራዊ ችሎት እንዲህ ከሆነ በሰማያዊው ምን ይሆን?

ጥያቄ፦ ሐዋርያው ለባለ ሥልጣን ተገዙ ብሎ የለም ወይ? (ሮሜ 13፥1-7)

መልስ፦ ብሏል። ስለዚህ ግብር እንከፍላለን፤ ሕግ እናከብራለን፤ በቅዳሴያችንም ለሀገራችንና ለመሪዎቿ እንጸልያለን። ነገር ግን ሐዋርያው ባለ ሥልጣን የተሾመው ለመልካም ነገር አገልጋይ እንዲሆን መሆኑንም አብሮ ነግሮናል። ክፉ ሥራ ሲታዘዝ ግን ሌላ ነው። ፈርዖን ሕፃናትን ግደሉ ሲላቸው ሁለቱ የዕብራውያን አዋላጆች አልገደሉም፤ እግዚአብሔርም መልካም አደረገላቸው (ዘጸ. 1፥15-21)። ሐዋርያትም ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝን መረጡ (ሐዋ. 5፥29)።

4. በሳንቲም የቆመች ቤተ ክርስቲያን

አንዳንዶቻችን ግፍን መቃወም ጩኸት ብቻ ይመስለናል። የብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ታሪክ ሌላም መንገድ ያሳየናል። እኚህ አባት ፓትርያርክ ከመሆናቸው በፊት የሐረርጌ ሊቀ ጳጳስ ነበሩ፤ የእኛ የጨርጨር አባት ነበሩ ማለት ነው። በ1963 ዓ.ም. ሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆኑ። በ1965 ዓ.ም. በቃለ ዐዋዲ ሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋም አደረጉ፤ ምእመኑ ቤተ ክርስቲያኑን በጉልበቱና በገንዘቡ እንዲረዳ፣ በአስተዳደሩም እንዲሳተፍ ነው።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ቤተ ክርስቲያን የቆየ መሬቷን አጣች። ያበቃላት የመሰላቸው ጥቂት አልነበሩም። ነገር ግን እናቶችና አባቶች በየወሩ የሰበካ ጉባኤ ክፍያቸውን አመጡ፤ ጧፉን፣ ዕጣኑን፣ የመገበሪያውን ስንዴ አመጡ። ቅዳሴው አልታጎለም። ያቺ ሳንቲም ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን እምነት ጊዜው አልፎበታል ይል ለነበረው መንግሥት በየወሩ የምትሰጥ መልስ ነበረች።

ቅዱስነታቸው በ1968 ዓ.ም. የመንግሥትን ፈቃድ ሳይጠይቁ ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ። ተሿሚዎቹም ታሰሩ፤ ከእነርሱ አንዱ በኋላ አምስተኛው ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ጳውሎስ ናቸው። አቡነ ቴዎፍሎስን ደርግ በ1971 ዓ.ም. በምሥጢር ገደላቸው።

5. የተጣለውን መቅበር

ኒቆዲሞስ በሸንጎው ጠየቀ እንጂ ጌታን ከመሰቀል አላስጣለም። ታዲያ ሽንፈት ነበር? ወንጌሉን እስከ መጨረሻው እናንብብ። ደቀ መዛሙርቱ በፈሩበት ሰዓት፣ በሌሊት ይመጣ የነበረው ሰው ከአርማትያሱ ዮሴፍ ጋር በግልጥ ወጣ። መቶ ነጥር የሚያህል ከርቤና እሬት ይዞ፣ በመንግሥት የተፈረደበትን አካል በክብር ቀበረ። ያን ቀን መቅበር ምስክርነት ነበር።

በቀይ ሽብር ጊዜ ልጃቸው የተገደለባቸው ወላጆች እንዳያለቅሱ ተከለከሉ፤ የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉም ነበሩ። ግፈኛ ሬሳን የሚፈራው ለምንድን ነው? የተቀበረ ሰው ስም አለው፤ ስም ያለው ሰው ደግሞ ጠያቂ አለው። የአቡነ ቴዎፍሎስ ዐፅም መቃብሩ ሳይታወቅ አሥራ ሦስት ዓመት ያህል ቆየ። በ1984 ዓ.ም. ግን ወጥቶ በአዲስ አበባ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር አረፈ።

ስለዚህ ዕድርን አንናቅ። በእኛ አገር ዕድርም ሆነ አፎሻ ሬሳ ማንሣት ብቻ አይደለም ሥራው። መንግሥት የጠላውን ሰው ቤት ደፍሮ የሚገባ፣ ድንኳን የሚተክል፣ ከልጆቹ ጋር የሚቀመጥ ማኅበር ነው። የታሰረ ሰው ሚስት ብቻዋን እንዳልሆነች ካወቀች ግፉ ግማሹን ኃይሉን አጣ።

6. ድንጋዩ ወደ እኛ እጅ ሲገባ

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ትምህርቱ ጎደሎ ይሆናል። በየካቲት 2010 ዓ.ም. በኦሮሚያ ብዙ ከተሞች ሱቅ ተዘጋ፤ መኪና ቆመ፤ ሰው ቤቱ ተቀመጠ። በዚያው ሳምንት የታወቁ እስረኞች ተፈቱ፤ የካቲት 8 ቀንም ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ከሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አስታወቁ። ሕዝብ እጁን ሲሰበስብ ምን እንደሚሆን አየን።

ነገር ግን በጥቅምት 2012 ዓ.ም. በክልሉ ልዩ ልዩ ከተሞችና በሐረር በተነሣው ሁከት 86 ሰዎች መሞታቸውን መንግሥት ገለጸ። የሞቱት አክዓቦች አልነበሩም፤ ጎረቤቶች ነበሩ። «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» እንዲሉ፣ የትናንት ተበዳይ ጊዜ ሲሰጠው ሌላ ናቡቴ ሊወግር ይችላል። ወሬ ሰምቶ በሰው ቤት ላይ ድንጋይ የሚያነሣ ሰው ኤልዛቤልን እየተቃወምኩ ነው ቢል ራሱን ያታልላል። ደብዳቤዋን እየፈጸመላት ነው።

7. ኤልዛቤልም ጾም አሳውጃለች

ወገኖቼ! በዚያ ታሪክ ውስጥ በጣም የሚያስፈራው ነገር ናቡቴ የተገደለው በጾም ቀን መሆኑ ነው። ሽማግሌዎቹ ጾመው ነበር። ምስክሮቹም ምናልባት ጾመው ይሆናል። ከሥጋና ከወተት ተከልክለን በጎረቤታችን ላይ የሐሰት ፊርማ ከፈረምን ጾማችን የማን ጾም ነው? ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም የግፍን እስራት መፍታት እንደሆነ አስተምሮናል (ኢሳ. 58፥6)።

ስለዚህ በቀረን የጾም ወራት እነዚህን እንለማመድ፦

ያላየነውን አንመስክር። ቀበሌም፣ ፖሊስም፣ ዘመድም ቢጠይቀን «አላየሁም» ማለትን እንልመድ።

ሰው በሌለበት ሲከሰስ የኒቆዲሞስን ጥያቄ እንጠይቅ፦ እርሱ ራሱ ምን አለ?

ጽሕፈት ቤት ውስጥ የምንሠራ ማኅተም በእጃችን ሲገባ የማን መሬት፣ የማን ቤት እንደሆነ እንመርምር።

የታሰረውን እንጠይቅ፤ የሞተበትን እናጽናና፤ ሃይማኖቱን ሳንለይ።

የጾሙን ምጽዋት ግፍ ላደኸየው ሰው እናድርስ።

«ንጉሥ አይከሰስ» ያልነውም ተረት የመጨረሻው ቃል አይደለም። አክዓብ የናቡቴን ወይን ሊረከብ ሲወርድ ነቢዩ ኤልያስ እዚያው ወይን ቦታው ውስጥ አገኘው፤ ገድለህ ወረስህን ብሎም ፊት ለፊት ወቀሰው። ንጉሥ ይከሰሳል፤ ከሳሹም እግዚአብሔር ነው። ከእኛ የሚፈለገው ያ ቀን ሲመጣ እጃችን ላይ የናቡቴ ደም እንዳይገኝ ነው።

ለውይይት
1. ደብዳቤው ለአንተ/ለአንቺ ቢመጣ ኖሮ ምን ይደረግ ነበር?
2. በአካባቢያችን ሳይሰሙት የፈረዱበት ሰው አለ? ማን ሊጠይቅለት ይችላል?
3. በዕድራችን ወይም በሰበካ ጉባኤያችን የተረሳ የታሳሪ ወይም የተፈናቃይ ቤተሰብ አለ?

የናቡቴን ደም ያልረሳ አምላክ ለግፉዓን ይፍረድልን፤ እጃችንንም ከግፍ ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።