የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

ምእመናን ከኪሳቸው አዋጥተው የሠሩት ቤተ ክርስቲያን የማን ነው? ይህ ጥያቄ በአሜሪካ፥ በፔንሲልቫኒያ፥ ስክራንተን በምትባል ከተማ እስከ መለያየት ስላደረሰ ታሪኩን ባጭሩ እንመልከት።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ ስክራንተን የገቡት የፖላንድ ስደተኞች አብዛኞቹ በድንጋይ ከሰል ጉድጓድ የሚሠሩ ድኾች ነበሩ። አገራቸውን ሩስያ፥ ፕሩስያና ኦስትርያ ተከፋፍለዋት ስለ ነበር ፖላንድ የሚባል መንግሥት በዚያን ጊዜ አልነበረም። እንግዲህ ቋንቋቸውን የሚሰሙበት፥ ወገናቸውን የሚያገኙበት ቤት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ከደመወዛቸው ቀንሰው ሠሯት፤ ንብረቷ ግን በጳጳሱ በኦሃራ ሥልጣን ሥር ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1896 ምእመናኑ ከካህናቸው ጋር ተጋጩ፤ ገንዘቡንና ንብረቱን የሚቆጣጠር እኛ የመረጥነው ኮሚቴ ይኑር ብለውም ጠየቁ። ጳጳሱ አልተቀበሉም። ነገሩ ከረረና ፖሊስ ገባበት፤ የታሰሩም ነበሩ።

እዚህ ላይ ጳጳሱን ብቻ መውቀስ አይገባም። ቀደም ሲል በአሜሪካ የምእመናን ኮሚቴዎች ካህን እኛ እንሹም፥ እኛ እንሻር እያሉ ብዙ ሁከት አስነሥተው ነበርና ጳጳሳቱ ይህን ፈርተዋል። ዳሩ ግን የሒሳብ ጥያቄን እንደ ዓመፅ መቁጠር ስሕተት ይመስለኛል። ሒሳብ ይታይ ያለ ሰው ሃይማኖት ካደ አይባልም።

ምእመናኑ ወጥተው ቅዱስ ስታኒስላውስ የተባለ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። በ1897 ፍራንቺሼክ ሆዱር የተባሉ ወጣት ካህን ሊያገለግሏቸው መጡ። በ1898 ሮም ድረስ ሄደው አቤቱታ አቀረቡ፤ ንብረቱ የሠሩት ሰዎች ይሁን፥ የተመረጠ ኮሚቴ ያስተዳድረው፥ በካህናትና በጳጳሳት ምርጫም ሕዝቡ ድምፅ ይኑረው የሚል ነበር። ሰሚ አላገኙም። በዚያው ዓመት ተወገዙ፤ የውግዘቱንም ደብዳቤ በሕዝቡ ፊት አቃጠሉት።

ከዚያ በኋላ መመለሻ ጠፋ። ዘመድ ከዘመድ ተለያየ። በላቲን ፈንታ በፖላንድ ቋንቋ መቀደስ ጀመሩ። በ1904 የተሰበሰበው ሲኖዶስ ሆዱርን ለጵጵስና መረጠ፤ በ1907 ደግሞ በሆላንድ አገር፥ በኡትሬክት ከተማ፥ ከሮም በተለዩት ኦልድ ካቶሊክ በሚባሉት ጳጳሳት እጅ ተሾሙ። የፖላንድ ብሔራዊ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ቆመች።

እኔን የሚያሳዝነኝ የሚከተለው ነው። ጠቡ ሲጀመር ስለ ሃይማኖት ትምህርት አልነበረም፤ ሁሉም አንድ ጸሎተ ሃይማኖት ይደግሙ ነበር። ከተለያዩ በኋላ ግን ሆዱር ስለ ዘላለም ቅጣት ጭምር ከቀድሞው የተለየ ነገር ማስተማር ጀመሩ። በገንዘብና በቁልፍ የተነሣው ክርክር በትምህርት ልዩነት ላይ ደረሰ።

ሆዱር በ1953 ዐረፉ። ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ (1962–1965) ወዲህ የሮም ካቶሊኮችም በየቋንቋቸው ይቀድሳሉ። ሁለቱ ወገኖች ለብዙ ዓመታት ተቀምጠው ተነጋግረዋል፤ እስካሁን ግን አንድ አልሆኑም።