ስለ ጌጠኛ ጽሕፈትና ስለ ርእስ ፊደል

ፊደል መልእክተኛ ነው። የመልእክተኛ ልብስ ቢያምር መልካም ነው፤ ነገር ግን ልብሱ አፉን ከሸፈነው መላኩ ከንቱ ነው። ስለዚህ ለርእስና ለሰሌዳ የሚኾነውን ጌጠኛ ጽሕፈት የምታስተምሩ መምህራን፥ የምትመክሩም ሽማግሎች፥ ይህን ነገር አስተውሉ።

የቀድሞ ጸሓፊዎቻችን የጽሕፈትን ዐይነት ለይተው ያውቁ ነበር። በጎንደር ነገሥታት ዘመን የተጻፈው ትልቅና ክብ ያለ ጽሕፈት ጉልሕ ይባላል፤ ቀጭኑም ረቂቅ ይባላል። የመቃው ብርዕ አፉ ሰፋ ተደርጎ ስለሚቀረጽ ቋሚው መሥመር ወፍራም፥ አግዳሚው ቀጭን ይኾናል፤ የፊደላችን ውበት ከዚህ ይወጣል። የመጽሐፉን መጀመሪያ በቀይ ቀለም ይጽፋሉ፥ በገጹም ራስ ሐረግ ይስላሉ። ጌጡ ግን በሐረጉ ላይ ነው እንጂ የፊደሉን ምልክት አይነካም።

የግዕዝ ፊደል በማተሚያ መጀመሪያ የታተመው በአውሮጳ አቈጣጠር በ1513 ዓመት በሮም ከተማ ነው፤ መጽሐፉም ዮሐንስ ፖትከን ያሳተመው ዳዊት ነው። በአገራችንም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። ዛሬ በኮምፒውተር ብዙ ዐይነት የግዕዝ ቅርጸ ፊደል ስለሚገኝ፥ ቀድሞ የጸሓፊው ብቻ የነበረው ምርጫ የኹሉ ሰው ኾኗል። ጥንቃቄውም እንደዚሁ የኹሉ ሊኾን ይገባል።

ምሳሌውን ከሞጆ እንውሰድ። ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ በኮንቴይነር ኾኖ በሞጆ ደረቅ ወደብ ያርፋል። እንዲህ ባለ ስፍራ ጽሕፈት የሚነበበው ከሩቅና በጥድፊያ ነው። «ገቢ ዕቃ» ተብሎ ሲጻፍ፥ ቢ ሣልስ ናትና ምልክቷ በቀኝ እግሯ ግርጌ ነው፤ ጸሓፊው ለጌጥ ብሎ ምልክቱን ወደ መካከል ከፍ ቢያደርገው ካዕብ ትኾንና ቃሉ «ገቡ» ተብሎ ይነበባል። እንደዚሁም በሣጥን ላይ «ተሰባሪ» ሲጻፍ፥ ባ ራብዕ ናትና ቀኝ እግሯ ከግራው ይረዝማል። ለማሳመር ብሎ ኹለቱን እግሮች ቢያስተካክላቸው ቃሉ «ተሰበሪ» ይኾናል። እንግዲህ ተጠንቀቁ ሊል የተጻፈው ቃል፥ ዕቃዪቱ እንድትሰበር ያዛል ማለት ነው።

ሥርዐቱም ሦስት ነው። አንደኛ፥ ጌጠኛው ፊደል ለርእስና ለጥቂት ቃል ይኹን፤ የቀረው በቁም ጽሕፈት ይጻፍ። ኹለተኛ፥ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው ምልክት አይሸፈን፥ ከቦታውም አይነሣ። ሦስተኛ፥ የተጻፈውን ቃል አስቀድሞ ያልሰማ ልጅ በሃያ ርምጃ ርቀት ቆሞ ያንብበው። ቢሳሳት ልጁን አትቈጡ፤ ሰሌዳውን አርሙ።

መልመጃ። ተማሮች በ፥ ቡ፥ ቢ፥ ባ የሚሉትን ፊደላት በጉልሕ ይጻፉ። ከዚያም እያንዳንዱ ከጓደኛው በምን ምልክት እንደሚለይ በጣታቸው እያመለከቱ ይናገሩ።