በሃይማኖት ነገር መከራከር ይጠቅማልን?



«ሃይማኖት በክርክር አይገኝም፤ ስለዚህ በሃይማኖት ነገር መከራከር ከንቱ ድካም ነው» የሚሉ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህም አንዱ የቅርብ ወዳጃችን የሆነ አንድ ሽማግሌ ነው። ልጁ ወደ ሌላ የእምነት ማኅበር ከሄደ ወዲህ አባትና ልጅ በአንድ ገበታ ተቀምጠው ስለ ዝናሙ፥ ስለ ጤናቸውና ስለ ገበያው ብቻ ይነጋገራሉ። «ስለ ምን አትጠይቀውም?» ብንለው «ጠብ ይሆናል፤ ዝምታ ይሻላል» ሲል መለሰልን። ዝምታው ግን ሰላም እንዳልሆነ ፊቱን ያየ ሁሉ ያውቃል። ነገሩ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለምና ጥቂት ልንነጋገርበት ወደድን።

እምነት በሙግት ተረትቶ የሚቀበሉት ነገር እንዳልሆነ እውነት ነው። ዳኛ የፈረደበት ሰው ዕዳውን ይከፍላል እንጂ ልቡን አይሰጥም። ነገር ግን ሰው ያመነውን በቃል ሲናገር ቃሉ ትርጓሜ አለው፤ ትርጓሜ ያለው ቃል ሁሉ ደግሞ ሊጠየቅበት ይቻላል። «ይህን ስትል ምን ማለትህ ነው? ይህንስ ካልህ ያንን እንዴት ትላለህ?» ብሎ መጠየቅ እምነትን መድፈር አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና በአርዮስፋጎስ ቆሞ ባስተማረ ጊዜ ከሰሚዎቹ አንዳንዶቹ ዘበቱበት፤ ሌሎቹ ሌላ ቀን እንሰማሃለን አሉት፤ ዲዮናስዮስና ደማሪስ ከጥቂቶች ጋር አመኑ። ሐዋርያውም የዘበቱበትን ካልረታሁ ብሎ አልቆየም፤ ከመካከላቸው ወጥቶ ሄደ።

በአገራችን ታሪክ ከዚህ ነገር ጋር እጅግ የሚቀራረበው የአፄ ገላውዴዎስ ክርክር ነው። ንጉሡ የፖርቱጋል ባለዕዳ ነበሩ ማለት ይቻላል፤ በ1533 ዓ.ም. በክሪስቶፎር ዳ ጋማ መሪነት የመጡት አራት መቶ ያህል ወታደሮች ከኢማም አሕመድ ጋር በተደረገው ጦርነት ደማቸውን አፍስሰዋልና። ድሉ በ1535 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ተከተለ፤ ይኸውም ንጉሡና ሕዝቡ ለሮም ፓፓ ይገዙ ዘንድ ነው። በ1547 ዓ.ም. ከኢየሱሳውያን ማኅበር የመጣው ጎንሣሎ ሮድሪጌዝ የኢትዮጵያውያንን ስሕተት ይገልጻል ያለውን ጽሑፍ ለንጉሡ አቀረበ። ከክሶቹም ዋናው፥ ቅዳሜን ታከብራላችሁ፥ ትገረዛላችሁ፥ የእሪያ ሥጋ አትበሉም፤ ስለዚህ እንደ አይሁድ ናችሁ የሚል ነበር።

ንጉሡ በዚያው ዓመት የጻፉት የሃይማኖት መግለጫ አጭር ነው፤ ስድብም የለበትም። የመልሱ መንገድ ግን ሊስተዋል ይገባዋል። «አናደርገውም» ብለው አልካዱም፤ «የምናደርገው እናንተ በምትሉት ምክንያት አይደለም» አሉ እንጂ። አይሁድ በሰንበታቸው ውኃ አይቀዱም፥ እሳትም አያነዱም፤ እኛ ግን በቀዳሚት ሰንበት ቍርባን እናቀርባለን፤ ስለዚህ የእኛ አከባበር የእነርሱ አይደለም። ግዝረትም በኢትዮጵያና በኖብያ ፊትን እንደ መብጣት፥ በሕንድም ጆሮን እንደ መብሳት ያለ የአገር ልማድ ነው። የእሪያን ሥጋ የሚበላውን አንጸየፍም፥ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም። የነገሩ ፍሬ ይህ ነው። ከሳሹ ሥራውን አይቶ አሳቡን ገመተ፤ ተከሳሹም ሥራውን ከአሳቡ ለይቶ አስረዳ። እንዲህ ያለው ክርክር ማንንም ከእምነቱ ባያወጣ እንኳ ከንቱ ሊባል አይችልም፤ ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት ያልተገለጠ ነገር ተገልጧልና።

ሮምስ ተረታችን? አልተረታችም። በ1549 ዓ.ም. የመጣው ጳጳስ አንድርያስ ኦቪዬዶ ብዙ ከተከራከረ በኋላ በ1551 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያንን ከሃድያን ብሎ ፖርቱጋሎች ከእነርሱ እንዲርቁ በጽሑፍ አዘዘ። ንጉሡም በዚያው ዓመት በጦርነት ሞቱ። መግለጫቸው ግን አልሞተም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1661፥ በሂዮብ ሉዶልፍ አማካይነት ከላቲን ትርጕም ጋር በለንደን ታተመ፤ የሩቅ አገር ሊቃውንትም አነበቡት። ሰው ለከሳሹ የመለሰውን መልስ አንዳንድ ጊዜ ከሳሹ ሳይሆን ሌላ ይሰማዋል።

በአፄ ሱስንዮስ ዘመንም በቤተ መንግሥት ብዙ ክርክር ተደርጓል። ነገር ግን በ1614 ዓ.ም. ንጉሡ የሮምን እምነት በይፋ ከተቀበሉ፥ ኋላም አፎንሶ ሜንዴዝ መጥቶ ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱም እንደ ገና እንዲካኑ ካዘዘ በኋላ፥ ጥያቄው በሰይፍ እጅ ወደቀ። ደም ፈሰሰ፤ በ1624 ዓ.ም. የቀደመችው ሃይማኖት በዐዋጅ ተመለሰች። «ክርክር ጠብ ያመጣል» የሚሉ ሰዎች ይህን ዘመን ይጠቅሳሉ። ለእኛ ግን ጠቡን ያመጣው ክርክሩ ሳይሆን የክርክሩ መቋረጥ ይመስለናል።

ሌላም እንቅፋት አለ፤ እርሱም ከራሳችን ልማድ የመጣ ነው። አባቶቻችን በአደባባይ በበላ ልበልሃ ሲሟገቱ ነገር ዐዋቂው በምሳሌና በግጥም ባላጋራውን አፉን ያስይዘው ነበር። ይህ ለርስት ሙግት መልካም ይሆናል። ለሃይማኖት ጉባኤ ግን አይስማማም፤ አፉን የተያዘ ሰው ነገሩን የተረዳ ይመስለናልና። ለዚህ የሚሻለው የትርጓሜ ቤት ልማድ ነው። በዚያ መምህሩ ስለ አንዱ ቃል የመጀመሪያውን ፍቺ ከሰጠ በኋላ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፥ ሦስተኛውንም ይጨምራል፤ ተማሪውም እስኪሰለቸው ድረስ (ይሰለቸዋልም!) ሁሉን በየተራው ያደምጣል። የሌላውን አሳብ ከባለቤቱ አፍ እንደ ወጣ አድርጎ መልሶ መናገር የማይችል ሰው ለመከራከር ገና አልደረሰም።

ወዳጃችን ይህን አሳብ ከነገርነው በኋላ ልጁን ጠየቀው። ልጁም «የምትጾሙት ጾም ስለ ምን ነው?» ሲል መልሶ ጠየቀው። ሽማግሌው ሊመልስ አፉን ከፍቶ ቃል አጣ። «ስድሳ ዓመት ስጾም ስለ ምን እንደምጾም የጠየቀኝ ሰው አልነበረም» ሲል ነገረን፤ በማግስቱም ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ ከቀትር እስከ ሠርክ ሲጠይቅ ዋለ። አሁን መልሱን ይዞ ልጁን ለረቡዕ ምሳ ጠርቶታል፤ ገበታውም የጾም ነው።