ቤትም በሽተኛን ይጎዳል

ሆስፒታል የታመመ ሰው ታክሞ የሚድንበት ቤት ነው። ታዲያ ቤቱ ራሱ በሽተኛን ሊገድል ይችላልን? አዎን፣ ይችላል። እንዴት? አንድ ታሪክ እንመልከት። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1854 የእንግሊዝ ወታደሮች ወደ ክራይሚያ ዘመቱ። የቆሰሉትና የታመሙት በመርከብ ተጭነው ቱርክ አገር፣ ስኩታሪ ወደሚገኝ ሆስፒታል ይመጡ ነበር። ቤቱ ትልቅ ነበር። ነገር ግን ከሥሩ ያለው የፍሳሽ ቦይ ተደፍኗል። በሽተኞቹ ተጨናንቀው ተኝተዋል። ንጹሕ አየር አይገባም። ስለዚህ በቁስል ከሞተው ይልቅ እንደ ተቅማጥና ተስቦ ባሉ በሽታዎች የሞተው በለጠ። በ1855 ቦዩ ተጠረገ፤ አየር ማስገቢያም ተከፈተ። ከዚያ በኋላ የሚሞተው ሰው በጣም ቀነሰ።

በዚያ የነርሶች አለቃ የነበረችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ናት። አገርዋ ከተመለሰች በኋላ፣ በ1859 ስለ ሆስፒታል አሠራር መጽሐፍ አሳተመች።

ምክርዋን ተከትለው ከተሠሩት አንዱ በለንደን ከተማ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር ያለው ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ነው። የመሠረቱን ድንጋይ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1868 አኖረች። በ1871 ተከፈተ። አሠራሩም እንዲህ ነበር፦

አንደኛ፣ ሆስፒታሉ አንድ ድፍን ቤት አልነበረም። ፎቅ ቤቶች ተራርቀው በአንድ ረድፍ ቆሙ። በመካከላቸው ነፋስና ፀሐይ ይገባል።

ሁለተኛ፣ በየክፍሉ ወደ 30 የሚሆኑ አልጋዎች በግራና በቀኝ ተደረደሩ። ረጃጅም መስኮቶችም ፊት ለፊት ተደረጉ። በአንዱ የገባ አየር በሌላው ይወጣል።

ሦስተኛ፣ ሽንት ቤቱ ከክፍሉ ጫፍ ተለይቶ ተሠራ። ሽታው ወደ በሽተኛው አይመለስም።

አራተኛ፣ ነርሷ ባንድ ቦታ ቆማ በሽተኞቿን ሁሉ ታያለች።

በ1940 የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን ሲደበድቡ ሆስፒታሉም ተመታ። በደቡብ በኩል ያሉት ቤቶች ግን ዛሬም ቆመዋል።

በዚያ ዘመን ብዙ ሰው በሽታን የሚያመጣው መጥፎ ሽታ ይመስለው ነበር። ዛሬ ግን ብዙ በሽታ የሚመጣው በዓይን በማይታዩ ተሕዋስያን መሆኑን እናውቃለን። ቢሆንም መስኮቱ ጥቅሙ አልቀረም። የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ሲያስል ተሕዋስያኑ በአየር ላይ ይንሳፈፋሉ። ቤቱ ከተዘጋ እዚያው ይቆዩና ለቤተሰቡ ይተርፋሉ። መስኮቱ ከተከፈተ ነፋሱ ይበትናቸዋል።

እኛስ ምን እናደርጋለን? ሰው ሲታመምብን «ነፋስ ይመታዋል» ብለን በሩን እንዘጋለን። ምድጃው እዚያው ይጨሳል፤ ከብቱም እዚያው ያድራል። ይህ ለበሽተኛውም ለአስታማሚውም አይበጅም። መስኮት ለማውጣት ንግሥት አያስፈልግም። ጭቃ ቤታችንን ስንሠራ በሁለት ወገን ፊት ለፊት መስኮት እናውጣ። ማድቤቱንና በረቱን እንለይ። ሽንት ቤቱን ከቤትና ከውኃ እናርቀው። በሽተኛው ከበረደው ጋቢ እንደርብለት እንጂ መስኮቱን አንዝጋበት።

ጥያቄ
1. በስኩታሪ ብዙ ወታደር የሞተው በምን ምክንያት ነው?
2. መስኮቶቹ ፊት ለፊት የተደረጉት ለምንድን ነው?
3. በቤታችን አየር በየት ይገባል? በየትስ ይወጣል?